ዘመድ ያጣችው ዳኛ

ትናንት ሌሊት ዶክተር ዓይናለም ሕልም አየች። መተኛቱን ፈርታው ነበር። ነገር ግን ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርምና፣ ባሏ ፍሬው መብራቱን አጥፍቶ "በይ ተኚ፣ የነገው ነገ ይታያል" ሲላት ዓይኗን ጨፈነች።

በሕልሟ ወደምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ሄደች። የበሩ ጥበቃዎች ሰው ይዞት የመጣውን አይፈትሹም፤ የሚፈትሹት ቤቱ ረስቶት የመጣውን ነው። "መነጽርሽን ትተሽዋል፣ ምድጃውንም አላጠፋሽም፤ እለፊ" አሏት። ግቢ ውስጥ መምህራን ረጅም ሰልፍ ይዘው ከተማሪዎቻቸው ውጤት ይቀበላሉ። አንድ ስመ ጥር የሕገ መንግሥት መምህር ሲ ፕላስ ተሰጥቶት ያለቅሳል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪው ትከሻውን መታ መታ እያደረገ "ጭንቅላት አለህ፤ ግን አታነብም" ይለዋል።

ቤተ መጻሕፍቱ ጎራ አለች። መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው ሰው ያነባሉ። የራሷ መጽሐፍ፣ ያ ስንት ዓመት የደከመችበት ወፍራም መጽሐፍ፣ ቀና ብሎ አያት።

"አንቺን ጀምሬሽ ነበር" አላት። "መሃል ላይ አንቀላፋሁ።"

ዶክተር ዓይናለምን ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። የሕግ መምህርት ናት፤ ሥራዋም ሁለት ነው። አንደኛው ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ይባላል። ሁለት የተለያየ አገር ኩባንያዎች ሲጣሉ አንዱ አንድ ዳኛ ይመርጣል፣ ሌላውም አንድ ይመርጣል፣ ሁለቱ ዳኞች ተመካክረው ሦስተኛ ሰብሳቢ ይጨምራሉ፤ ከዚያ ተቀምጠው ይጨርሱታል። የኛ ሰው ይህን ሽምግልና ይለዋል፤ ልዩነቱ የሆቴሉ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ሥራዋ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገዛበት ሕግ ነው። ማሽን በሰው ላይ ሲወስን ምክንያቱን እንዲያስረዳ የሚያስገድድ፣ ማሽኖችን እንደ አደጋቸው መጠን በደረጃ የሚመድብ፣ ለማሽን ልጓም የሚያበጅ ሕግ ማለት ነው። በሁለቱም ጎበዝ ናት። ቪየና፣ ጄኔቫና ሲንጋፖር ድረስ ትጠራለች፤ ስትመለስም ለፋኩልቲው ሁሉ ቸኮሌት ታመጣለች።

ሲነጋ የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ይገባታል ወይስ አይገባትም ብሎ የሚወስነው ኮሚቴ ይቀመጣል። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር ይኄይስ ናቸው፤ ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ ያስተማሯት፣ ለዚህ ሁሉ ያበቋት ሰው። ድሮ "ጋሼ" ነበር የምትላቸው። ነገር ግን እናቷ ባረፈች ጊዜ ለቅሶ ሳይደርሱ ቀሩ። ባዳ የመጣበትን ለቅሶ እሳቸው ቀሩ። እሷም አኮረፈች፤ ኮሪደር ላይ ስታገኛቸው አንገቷን አቀርቅራ ማለፍ፣ ሰው ፊት "ፕሮፌሰር" ማለት ጀመረች። እሳቸውም መልሰው ዝም አሏት። ይኸው ሦስት ዓመት ሆናቸው። እንቅልፍ የነሷትም እሳቸው ናቸው። እንዲህ የተዘጋጉት ሰው ነገ እንዴት እጁን ያወጣላታል?

ወደ ሕልሟ እንመለስ። በዚያ አገር ማሽኖች ተሰብስበው ሰውን የሚቆጣጠሩበት አዋጅ አውጥተዋል። እያንዳንዱ ሰው ግንባሩ ላይ የአደጋ ደረጃው ተለጥፎበታል። የሕፃናት "አደጋ የለውም" ይላል፤ የታክሲ ሾፌሮች "መጠነኛ"፤ የቤት አከራዮች "ከፍተኛ"። እሷ በመስኮት መስታወት ግንባሯን ስታየው "ከፍተኛ፤ ጽሑፍ ታበዛለች" ይላል። ልትልጠው ስትታገል የፋኩልቲው ፎቶ ኮፒ ማሽን ክራቫት አስሮ እየተንገዳገደ መጣ።

"ሄግ ትፈለጊያለሽ" አላት። "አንድ ሰው ተከሷል። ሰብሳቢ ዳኛዋ አንቺ ነሽ።"

ደስታዋን ልነግራችሁ አልችልም። ሄግ ላይ በሰብሳቢ ወንበር መቀመጥ ማለት ለእሷ ዓይነቱ ሰው መንግሥተ ሰማያት ነው። ጫማዋን እንኳ ሳትጠርግ ተከተለችው።

ሜክሲኮ አደባባይ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "ሄግ በአቋራጭ፣ ሄግ፣ ሄግ" እያሉ ሾፌር ይጠራሉ። አንድ ሾፌር ተግደርድሮ ተግደርድሮ ገባላቸው። መኪናው ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ማንም የት እንደሚደርስ አያውቅም፤ ከየት እንደመጣ ግን ሁሉም ጥርት አድርጎ ያያል።

"ወራጅ አለ" አለ ፎቶ ኮፒው።

ሄግ የሚባለው ኮተቤ፣ የእናቷ ግቢ ሆኖ ተገኘ። የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል። የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች ላይ የየአገሩ ጠበቆች ጥቁር ካባቸውን እንደ ሐዘንተኛ ነጠላ አዘቅዝቀው አጣፍተው ተቀምጠዋል። ከፊት ሦስት ወንበር አለ። በቀኙ አመድ በአመድ የሆነ አህያ፣ በግራው የመብራት ቆጣሪ ተቀምጠዋል፤ መሃሉ ባዶ ነው። ዶክተር ዓይናለም ቀሚሷን ሰብስባ ልትቀመጥ ስትል ተከሳሹን አየች። ፕሮፌሰር ይኄይስ ናቸው። ቡናማ ካፖርታቸውን ለብሰው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ኩርምት ብለዋል፤ ግንባራቸው ላይ "ፈጽሞ ሊፈቀድ የማይገባ" የሚል ተለጥፏል። ፊቷን አዞረች።

ፎቶ ኮፒው ክሱን ማሰማት ጀመረ።

"ይህ ሰው ሦስት ዓመት አኩርፏል። በአዋጁ መሠረት ማንኛውም ሰው ስለ ውሳኔው ምክንያት ማስረዳት ግዴታው ነው። ለምን አኮረፍክ ስንለው ዝም አለን። ስለዚህ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ እንዲታደስ..." እዚህ ላይ ወረቀት ያዘው። አንድ ጠበቃ ተነሥቶ ጎኑን ከፍቶ የተጨማደደውን ወረቀት ጎትቶ አወጣለት። "...እንዲታደስ እንጠይቃለን።"

"ይታደስ ማለት ምን ማለት ነው?" አለች ዶክተር ዓይናለም።

"ያስተማራቸውን ልጆች በሙሉ ይረሳል። ስማቸውንም መልካቸውንም።"

ድንኳኑ ውስጥ ማጉረምረም ሆነ። እሷም ደነገጠች። ተቀይማቸዋለች እንጂ እንዲረሷት አስባ አታውቅም። ኩርፊያ እኮ የሚያምረው ያኮረፉት ሰው ሲያስታውስ ነው።

ቆጣሪው ጉሮሮውን ጠረገ። "ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሰብሳቢዋ ከተከራካሪዎቹ ጋር ያላትን ዝምድና ታስታውቀን።"

ይህቺን ጥያቄ ታውቃታለች። በየአገሩ ዳኛ ከመቀመጡ በፊት ይጠየቃታል። ቀጥ ብላ ቆማ በልምድ መለሰች።

"ከተከራካሪዎቹ ጋር ምንም ዝምድና የለኝም። አብሬያቸው አልበላሁም፣ አብሬያቸው አልጠጣሁም። ነፃና ገለልተኛ ነኝ።"

ሲንጋፖር ላይ ይህን ስትል ራሳቸውን ነቅንቀው ያደንቋታል። እዚህ ግን ከኋላ አንዲት የስዊስ ጠበቃ ከንፈሯን መጠጠች።

"ምስኪን" አለች። "ሰው የላትም።"

"ታዲያ በምን አንጀትሽ ልትፈርጂ ነው የመጣሽው?" አለ ቆጣሪው። "ዘመዱ ያልሆነች ምኑ አሳስቧት በትክክል ትፈርዳለች? ተነሺ፣ አትሆኝም።"

አህያው ዘወር ብሎ በእርጋታ አያት። "ልጄ፣ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ይባላል። እኔ እንኳ ከአመዱ ጋር ያለኝን ዝምድና አስመዝግቤ ነው የተቀመጥኩት። አንቺ ካልሆንሽ ሌላ ሰብሳቢ የለንም። ሰብሳቢ ከሌለ ደግሞ ሰውየው ይታደሳሉ፤ አዋጁ ነው። እስቲ ፈልጊ፣ አንድ ነገር አታጪም።"

"መብራት እስኪጠፋ ጊዜ ሰጥተንሻል" አለ ቆጣሪው።

የኮተቤን መብራት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል አጭር ጊዜ እንደሆነ ይገባዋል። ዶክተር ዓይናለም ዝምድና መፈለግ ጀመረች።

በፎቶ ኮፒው በኩል ያለው ቀላል ሆነ። ራሱ ተነሥቶ መሰከረላት። "በቆምኩ ቁጥር ጎኔን ትመታኛለች። 'በል እንጂ የኔ ጌታ፣ አታዋርደኝ' ትለኛለች። እንዲህ የምትመታ እናት ብቻ ናት።" ዝምድናው ተመዘገበ።

"በተከሳሹስ በኩል?"

"ነበረን" አለች። "ቀረ።"

"ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ" አለ አህያው። "የነበረውን ንገሪን።"

ለመናገር አልፈለገችም ነበር፤ አንዴ ከጀመረች ግን ማቆም አቃታት። ተማሪ ሳለች ለግልግል ክርክር ውድድር ቪየና ይዘዋት እንደሄዱ ተናገረች። ቪየና በረዶ ነበር፤ እሷ የለበሰችው ስስ ሹራብ ነው። ከአውሮፕላን ሲወርዱ ይህንኑ ቡናማ ካፖርት አውልቀው አለበሷት፤ እጅጌው ጉልበቷ ይደርስ ነበር። እሳቸው በኮት ብቻ ሆነው "እኔ የደብረ ሲና ሰው ነኝ፣ ይህ ለኔ በጋ ነው" እያሉ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ነበር። የጻፈችውን ሁሉ አንብበው ዳሩ ላይ "ነገርሽን አሳጥሪው፣ ዳኛ ምሳውን ያስባል" ብለው ይጽፉላት ነበር። ስትመረቅ ምሳ ጋብዘዋት አጎረሷት። ጉርሻው ከመተለቁ የተነሣ መናገር አቅቷት በዓይኗ አመሰገነቻቸው። ጠበቆቹ በካባቸው ጫፍ ዓይናቸውን መጥረግ ጀመሩ።

ቆጣሪው ግን ቆጣሪ ነውና ጠየቀ። "ጉርሻው ስንት ነው?"

"አንድ" አለች። "አፌ ሞልቶ ስለነበር ሁለተኛውን እንቢ አልኩ።"

አህያው ጆሮውን አቆመ። "አንድ ጉርሻ?"

"አንድ።"

"በሉ እንግዲህ" አለ አህያው ወደ ጉባኤው ዞሮ። "አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል አልሰማችሁም? ጠቡ ይኸው። አስረዳነው፣ አበቃ።"

ፎቶ ኮፒው እየተንተከተከ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" የሚል ወረቀት ይተፋ ጀመር፤ ድንኳኑ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ደረሰ። የፈረንሳዩ ጠበቃ "ይህ መርሕ በኛ አገር የለም" ብሎ ቢቃወም ሰሚ አላገኘም። ነገሩ በዚሁ ሊያልቅ ነበር። እሷ ግን አንጀቷ አልቆረጠም።

"አይደለም" አለች። ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረች። "ጋሼ፣ የእናቴን ለቅሶ ለምን ቀሩ?"

"ጋሼ" የሚለው ቃል ከአፏ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ሽማግሌው ቀና አሉ።

"ማን አረዳኝ?" አሏት።

"የፋኩልቲው ቴሌግራም ላይ ሻማ ተለጥፎ ነበር። ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ብሎ ጽፏል። የእርስዎን ስም ስፈልግ ስፈልግ..."

የፕሮፌሰሩ ካፖርት ኪስ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ባለ ቁልፍ ስልካቸው በራሷ ጊዜ ወጥታ አግዳሚው ላይ ቆማ ቃለ መሐላ ፈጸመች።

"እኔ መጥራትና መጠራት ብቻ ነው የማውቀው" አለች ስልኳ። "ሻማ አይገባኝም። በዚያ ሳምንት ማንም አልደወለልኝም። ደግሞ ይህች ሴት ጄኔቫ ላይ 'ማንም ሰው ማሽን ስለማይጠቀም ብቻ ከሰው ኑሮ መገለል የለበትም' ብላ ጽሑፍ አቅርባለች። አጨብጭበውላታል። እኔ ኪስ ውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ እሳቸው በሬዲዮ ሲያዳምጧት።"

ሕልም የማያውቁትን ነገር አያሳይም፤ የሚያውቁትን ይገጣጥማል እንጂ። ያችን ስልክ ዶክተር ዓይናለም ስንት ጊዜ አይታታለች፣ ስቃባታለችም። ቴሌግራም እንደሌላቸው ታውቃለች። መደወል የነበረባት እሷ ወይም አንድ የእሷ ሰው ነበር። በሐዘኗ መሃል ግን ሁሉም ሰው ሌላው የነገራቸው መስሎት ቀረ።

"በሳምንቱ ሊፍት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ" አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። "እናቷ ሞታለች ሲሉ። እኔ ልጄ የምላት ልጅ እናቷን ቀብራ ለእኔ አልተነገረኝም። ለካ ባዳ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ውሸት ነው፣ እኔን አንቅዞኛል።"

"እኔ ደግሞ" አለች ዶክተር ዓይናለም፣ "በዚህ ድንኳን በር ሰው በገባ ቁጥር እርስዎ ይሆኑ እያልኩ ቀና እል ነበር። እስከ ሰልስቱ ድረስ። ሌላው የመጣው ሁሉ አላጽናናኝም።" አለቀሰች። ያኔ ያላለቀሰችው ነበር የሚመጣው።

አህያው አብሯት አለቀሰ። ቆጣሪው ፊቱን አዙሮ "ዝምድናው ተረጋግጧል" አለ። "ሰብሳቢዋ ትቀመጥ። ፍርዷን ታሰማ።"

መሃል ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጠበቆቹ ተነሥተው ቆሙ። "ይህ ጉባኤ" ብላ ስትጀምር መብራት ጠፋ። ቆጣሪውም አብሮ ጠፋ።

"ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች" አለ የአህያው ድምፅ በጨለማው።

አልመጣችም። ዝቅተኛው ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ ዳበስ ዳበስ እያለ ወደ እሷ የሚመጣ ኮቴም ሰማች። ከዚያ አንድ ትልቅ ነገር ከንፈሯን ነካት። ጉርሻ ነው፤ ጡጫ የሚያህል። "እንቢ እንዳትዪኝ" አላት የሚያውቃት ድምፅ። አፏን በሰፊው ከፍታ ጎረሰች። አላመጠች፣ አላመጠች፣ አልላም አላት።

"ዓይኒ" አለ ፍሬው። "ትራሱን ልቀቂውና ዲኑን አነጋግሪው።"

ነግቷል። የትራሱ ጫፍ አፏ ውስጥ ነው። ፍሬው ስልኩን ይዞላት ቆሟል። ዲኑ ዶክተር ሰይፉ እንደ እሷው የፕሮፌሰር ይኄይስ ተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ በጠዋት ሲደውል ደግ ነገር ነግሮ አያውቅም።

"ዓይናለም፣ ችግር ገጥሞናል" አላት። "ፕሮፌሰር ይኄይስ ማታ ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። ኮሚቴው ላይ አልቀመጥም ብለው ሄዱ።"

"ምን አጠፋሁ አሉ?"

"አላጠፋሽም። 'ዘመድ ዘመዱን አይዳኝም ይላል ደንባችሁ፤ ልጄ ናት፣ አልዳኛትም' አሉ። ባለቤቴ እራት አቅርባ ለመነቻቸው፣ እንቢ። አሁን ሰብሳቢ የለንም። ኮሚቴው ዛሬ ካልተቀመጠ ጉዳይሽ ለከርሞ ነው የሚታየው።"

ዶክተር ዓይናለም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ስሚኝ" አለ ዲኑ። "እናንተ እንደማትነጋገሩ መላው ፋኩልቲ ያውቃል። ምን ዝምድና አላችሁ? አንቺ ብቻ 'የለንም' በይኝ። ቃልሽን ይዤ ሄጄ ለምኜም ተቆጥቼም አስቀምጣቸዋለሁ። እጃቸውን እንደሚያወጡልሽ ደግሞ አልጠራጠርም። ምሳ ሳንበላ ፕሮፌሰር ትሆኛለሽ።"

ፍሬው ሁሉንም ሰምቶ በቅንድቡ "በይው" ይላታል። ለዚች ማዕረግ ስንት ቅዳሜና እሑድ ብቻውን ልጆች እንደጠበቀ እሱ ያውቃል።

"አለን" አለች።

"ምን?"

"ዝምድና። አለን።"

ዲኑ ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማት። "ለከርሞ ነው ማለት ነው እንግዲህ። ለቃለ ጉባኤው ምክንያት ያስፈልገኛል። በማን በኩል ነው የምትዛመዱት?"

"በእናቴ በኩል" አለችው። "እንደዚያ ብለህ ጻፍ።"